ጥቅሉን ከማሳደጋችሁ በፊት ገመዱን መርምሩ

«ኮምፒውተሩ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ነው የተገናኘው። ታዲያ ለምን ይንቀራፈፋል?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ዛሬ በብዙ ቤቶች ይሰማል። የቤት ኢንተርኔት ቀድሞ የመሥሪያ ቤትና የወጣቶች ጉዳይ ይመስለን ነበር። አሁን ግን የልጅ ልጆቻችን የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት፣ ልጆቻችን ከሥራ መልስ የርቀት ትምህርታቸውን የሚከታተሉት፣ ባሕር ማዶ ያሉ ቤተሰቦቻችንን ፊት ለፊት የምናየው በዚሁ መስመር ነው። መስመሩ ሲደክም የሚቋረጠው ጨዋታ ብቻ አይደለም። የትምህርት ሰዓት ያመልጣል፣ ማመልከቻ ሳይላክ ቀኑ ያልፋል፣ አያት የልጅ ልጇን ሳታይ እሁድ ይመሻል።

ብዙ ሰው ኢንተርኔቱ ሲዘገይበት መጀመሪያ የሚያደርገው የወር ክፍያውን ጨምሮ ከፍ ያለ ጥቅል መግዛት ነው። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ በየቀኑ የምናየው ምልክት ትኩሳት ነበር። ትኩሳት በራሱ በሽታ አይደለም። ከጀርባው ወባ፣ ታይፎይድ ወይም የሳንባ ምች ሊኖር ይችላል። ምንጩ ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት ኪስ ያራቁታል እንጂ አያድንም። የኢንተርኔት መዘግየትም እንዲሁ ምልክት ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ይገኛል፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ወጪ፣ አንዳንዴም በአንድ ገመድ ዋጋ ይስተካከላል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከልጅ ልጄ ጋር በቤታችንም በጎረቤትም ደጋግመን የሞከርነው ነው።

መንገዱን በሦስት ክፈሉት

ኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተራችሁ የሚደርሰው በሦስት ክፍሎች አልፎ ነው። የመጀመሪያው ከውጭ ከምሰሶው እስከ ቤታችሁ የሚመጣው መስመር ነው፤ የስልክ መዳብ ወይም የፋይበር መስመር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መብራቶቹ ብልጭ ድርግም የሚሉበት ሞደም ወይም ራውተር ነው። ሦስተኛው ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው የኔትወርክ ገመድ እና ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ሥራችሁ ሕመሙ ከሦስቱ የትኛው ላይ እንዳለ መለየት ነው። ከፍ ያለ ጥቅል የሚጠቅመው ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ጤነኛ ሲሆኑ ብቻ ነው። አንገቱ በጠበበ ማሰሮ ላይ ከባልዲም ብትጨምሩ ከበርሜል፣ የሚገባው ውኃ ያው ነው።

መጀመሪያ ጥያቄ

ሐኪም ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። እናንተም ጠይቁ። መቼ ጀመረ? ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ ማታ ማታ ብቻ? ሁሉም ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ ነው ወይስ አንዱ ላይ ብቻ? ከመጀመሩ በፊት በቤቱ ውስጥ ምን ተለወጠ? ዕቃ ተዘዋውሯል? ቀለም ተቀብቷል? መብራት ሄዶ በኃይል ተመልሷል?

መልሱ ግማሹን መንገድ ያሳጥራል። ስልኮቹ በዋይፋይ ደኅና እየሠሩ በገመድ የተገናኘው ኮምፒውተር ብቻ ከዘገየ፣ ጥፋቱ ገመዱ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከዘገዩ ራውተሩን ወይም የውጭውን መስመር ተጠራጠሩ። ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወይ በቤታችሁ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እየተጠቀመ ነው፣ ወይም የአካባቢው መስመር ተጨናንቋል።

ከመገመት መለካት

ፍጥነትን የሚለኩ ነፃ ገጾች አሉ፤ ስፒድቴስት እና ፋስት ዶት ኮም በብዙ ሰው ይታወቃሉ። ሲለኩ ሌሎች ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ከኢንተርኔት ይውጡ። ጠዋት፣ ከሰዓት እና ማታ ለክታችሁ ቁጥሩን ከነሰዓቱ በደብተር ጻፉት። የአንድ ጊዜ ልኬት እንደ አንድ ጊዜ የደም ግፊት ነው፤ ብቻውን አይታመንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ። ጥቅል የሚሸጠው በሜጋ ቢት ሲሆን ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 8 ሜጋ ቢት በሰከንድ የከፈለ ሰው ፋይል ሲያወርድ 1 ሜጋ ባይት በሰከንድ ቢያይ የተጓደለበት ነገር የለም። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት ጥሩ የቪዲዮ ጥሪ ከ1 እስከ 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃዋል፤ ጥራት ያለው ፊልም ለማየት ደግሞ ወደ 5 ሜጋ ቢት ያስፈልጋል። ይህን ያወቀ ሰው ለሚያስፈልገው ያህል ብቻ ይከፍላል።

ኮምፒውተሩና ራውተሩ በስንት ተስማምተዋል?

ገመዱ ሲሰካ ኮምፒውተሩና ራውተሩ በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ይስማማሉ። የተለመዱት ደረጃዎች 10፣ 100 እና 1000 ሜጋ ቢት በሰከንድ ናቸው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ይህን ለማየት ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ቀጥሎ ኢተርኔት የሚለውን ክፈቱ። የተገናኘውን መስመር ስትጫኑ ዝቅ ብሎ ሊንክ ስፒድ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ።

1000 ካለ ጥሩ ነው። 100 ካለ አትደንግጡ፤ የቤታችሁ ጥቅል ከ100 በታች እስከሆነ ድረስ ያ ቁጥር ብቻውን አያዘገያችሁም። አሮጌ ኮምፒውተሮችና ርካሽ ራውተሮች ከ100 አይበልጡም። ሁለቱም 1000 የሚችሉ ሆነው 100 ላይ ከቀሩ ግን ገመዱ ውስጥ የታመመ ሽቦ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። 10 ካለ ደግሞ ምክንያቱን ሳታገኙ አትተዉት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በኔትወርክ ገመድ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠማዘው ይገኛሉ። ቀለማቸው ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እና ቡናማ ነው፤ እያንዳንዳቸው ነጭ የተቀላቀለበት ጓደኛ አላቸው። 1000 ለመድረስ አራቱም ጥንዶች መሥራት አለባቸው። ለ100 ግን ሁለቱ ጥንዶች፣ ብርቱካናማውና አረንጓዴው፣ ይበቃሉ። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ቢበጠስ ኢንተርኔቱ አይጠፋም፤ ድምፁን ሳያሰማ ወደ ታች ይወርዳል። ባለቤቱም «ይሠራልኮ» እያለ ዓመታት ይቆያል።

የገመዱን የልብ ምት ማዳመጥ

የኮምፒውተሩና የራውተሩ ግንኙነት ጤነኛ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ቀላል ምርመራ አለ፤ ፒንግ ይባላል። ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር ሰሌዳ ክፈቱና ፒንግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፤ ክፍተት ትታችሁ የራውተሩን ቁጥር አስከትሉና ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። በብዙ ራውተሮች ላይ ቁጥሩ 192.168.1.1 ነው፤ ከራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ኮምፒውተሩ 4 ጊዜ ወደ ራውተሩ መልእክት ይልክና ስንቱ እንደተመለሰ ይነግራችኋል።

በጤነኛ ገመድ አራቱም ይመለሳሉ፤ የሚፈጀውም ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው። ምርመራውን አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት። አንዳንዱ እየጠፋ የሚቀር ከሆነ ወይም ጊዜው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ችግሩ በቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ አትደውሉ። የጠፋው መልእክት እንደገና ይላካል፤ ያም ሲጠፋ እንደገና። ኮምፒውተሩ የሚጎተተው፣ በቪዲዮ ጥሪም የሰዎች ፊት የሚደርቀውና ድምፅ የሚቆራረጠው በዚህ ነው። አራቱም በፍጥነት እየተመለሱ ኢንተርኔቱ ከዘገየ ግን ሕመሙ ከራውተሩ ወዲያ ነው።

በሰርቪስ ቤቱ ጣራ ላይ የተገኘው ምክንያት

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ልጃቸው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። እሁድ እሁድ እኛ ዘንድ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እዚያ ጠዋት ስለሆነ ትደውላለች። ኮምፒውተሩ ያለው ልጆቹ በሚያጠኑበት በሰርቪስ ቤቱ፣ ራውተሩ ደግሞ በትልቁ ቤት ሳሎን ነው። የሕፃኑ ፊት ስክሪኑ ላይ እየደረቀ ሲያስቸግራቸው ወደ 20 ሜጋ ቢት ጥቅል ከፍ አደረጉ። ለውጥ ግን አልመጣም።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ሳሎን እንለካ» አልኳቸው። በስልክ ራውተሩ አጠገብ ስንለካ የከፈሉበት ፍጥነት ከሞላ ጎደል አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ሊንክ ስፒድ 10 ይላል፤ ፒንግ ስናደርግ ከ4 መልእክት አንዱ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ይጠፋሉ። ገመዱን ይዘን ከሳሎኑ መስኮት ወጥተን ስንከተለው በቆርቆሮው ላይ አልፎ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ይወርዳል። ለቤት ውስጥ የተሠራ ገመድ ነበርና ፀሐይ ልባሱን አድርቃ ሰነጣጥቃዋለች። መሐል ላይ ደግሞ ሁለት ቁራጭ ገመዶች ተቀጣጥለው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። የመብራት ሽቦ ሲቀጠል እንደሚደረገው ማለት ነው።

የኔትወርክ ገመድ ግን እንደ መብራት ሽቦ አይቀጠልም። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት አንዱ ጥንድ ሌላውን እንዳይረብሽ ነው። ጥምዛቸው ሲፈታ መልእክቱ ይበላሻል፤ ናስትሮው ውስጥ ዝናብ ሲገባ ደግሞ መዳቡ ይዝጋል። የሰፈሩ ባለሙያ ለውጭ የሚሆን አንድ ወጥ ገመድ ዘረጋላቸው። ሊንክ ስፒዱ 100 ሆነ፤ ከፒንጉም የጠፋ መልእክት አልነበረም። ከአንድ ወር በኋላ እትዬ ወደ ቀድሞው ጥቅላቸው ተመለሱ። የሕፃኑም ፊት አልደረቀም። 20 ሜጋ ቢት የገዙት ከ10 በላይ በማያሳልፍ ገመድ ላይ ነበርና ጭማሪው ኮምፒውተሩ ጋ ሊደርስ አይችልም ነበር።

ገመዱ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

የእናንተንም ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ተከተሉት። በበር ተረግጧል? የሶፋ ወይም የአልጋ እግር ተጭኖታል? አይጥ ነክሶታል? ሹል ሆኖ ታጥፏል? ከመብራት ገመድ ጋር አንድ ላይ ታስሮ ረጅም መንገድ ተጉዟል? የገመዱ ራስ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች ገመዱ ሲነካ ይላላል፤ ሲሰካ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካልሰማችሁ አልያዘም። በራሱ ላይ ያሉት 8 ወርቃማ ጥርሶች ዝገት ወይም አቧራ ካላቸውም ችግር ነው።

በልባሱ ላይ የታተመውንም አንብቡ። ካት 5 የሚለው ለ100 የተሠራ ነው። ካት 5 ኢ እና ካት 6 ለ1000 ይበቃሉ፤ ለቤት ካት 5 ኢ ምንም አይጎድለውም። የአንድ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ስትገዙ ሙሉ መዳብ መሆኑን ጠይቁ፤ በመዳብ የተቀባ አልሙኒየም ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል።

ገመዱን ለመፍረድ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ደኅና መሆኑ የሚታወቅ አጭር ገመድ ከጎረቤት ተዋሱና ኮምፒውተሩን ራውተሩ አጠገብ አምጥታችሁ አገናኙት። ከፈጠነ ጥፋተኛው የቀድሞው ገመድ ነው። ካልፈጠነ ራውተሩ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሦስት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ኮምፒውተሩ ራሱ ሲሆን

ገመዱ ጤነኛ ሆኖ ኮምፒውተሩ ከዘገየ ውስጡን እንይ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ኔትወርክ የሚለውን ርእስ ብትጫኑ መስመሩን የበላው ፕሮግራም ከላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ማሻሻያ ወይም ፎቶዎችን ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫ የሚልክ ፕሮግራም ሆኖ ይገኛል። ፎቶ የሚላክበት መስመር በተለይ በመዳብ ስልክ ጠባብ ስለሆነ እሱ ሲዘጋ የሚመጣውም ይዘገያል። ማሻሻያውን አታጥፉት፤ ለደኅንነት ያስፈልጋል። ማታ ሁሉም ሲተኛ እንዲሠራ አድርጉት። የማታውቁት ፕሮግራም ሌት ተቀን የሚልክና የሚቀበል ከሆነ ደግሞ በጸረ ቫይረስ አስፈትሹ።

ቀጥሎ ያለውን ለልጅ ልጃችሁ ስጡት። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ሥር የኔትወርክ ካርዱ አለ። አድቫንስድ በሚለው ገጽ ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ የሚለው አውቶ ኔጎሺዬሽን ላይ መሆን አለበት። አንድ ሰው በእጁ ለውጦት ከሆነ ኮምፒውተሩና ራውተሩ ላይግባቡ ይችላሉ። አንዱ መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው ብሎ ሲነዳ፣ ሌላው በተራ የሚታለፍ ጠባብ ድልድይ ነው ብሎ ይቆማል፤ በመሐሉ ግጭት ይበዛል። የካርዱ ድራይቨር ካረጀም ከኮምፒውተሩ አምራች ገጽ ብቻ ይውረድ። ድንገት ብቅ ብሎ «ኮምፒውተርዎን አፈጥናለሁ» የሚል ማስታወቂያ ግን አትጫኑ።

ራውተሩ

ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ መልሱት፤ ለወራት ሳይጠፋ የቆየ ራውተር በዚህ ብቻ የሚነቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጀርባው ያለችውን ጠባብ የሪሴት ቀዳዳ ግን በመርፌ አትንኩ። እሱ የመስመሩን ቅንብር ሁሉ ያጠፋል። ራውተሩን በዳንቴል አትሸፍኑት፣ በቴሌቪዥን ጀርባም አትወትፉት፤ ሙቀት ያደክመዋል። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል መንደሩ ሁሉ ዘንድ ከደረሰ ቀይሩት። በገመድ የተገናኘውም ኮምፒውተር ከዋይፋይ ተጠቃሚዎች ጋር የሚጋራው አንድ ምንጭ ነው።

ጥፋቱ ከውጭ ሲሆን

የቤታችሁ ፒንግ ጤነኛ ሆኖ፣ ራውተሩም ተነሥቶ፣ ልኬቱ ቀን በቀን ከከፈላችሁበት እጅግ ካነሰ አሁን ወደ ድርጅቱ ደውሉ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥሩ 994 ነው። መስመራችሁ በመዳብ ስልክ ከሆነ ከመደወላችሁ በፊት የስልኩን እጀታ አንሥታችሁ አዳምጡ። የሚንቻቻ ድምፅ ካለ ኢንተርኔቱም ከዚያው ታሟል፤ በክረምት ውኃ የገባበት ማያያዣ እንዲህ ያደርጋል። ስልኩ ስፕሊተር በምትባለው ትንሽ ማጣሪያ በኩል መገናኘቱንም አረጋግጡ። ፋይበር ከሆነ ኤል ኦ ኤስ የሚለው መብራት ቀይ መሆኑን እዩ፤ ቀይ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን አልደረሰም። የፋይበሩ ገመድ ውስጡ መስታወት ስለሆነ አትጠፉት፣ ጫፉንም ወደ ዓይናችሁ አታቅርቡ።

ስትደውሉ «ይንቀራፈፋል» ከማለት ደብተሩን ይዛችሁ «በገመድ ለክቼ፣ በዚህ ቀንና ሰዓት ይህን ያህል አገኘሁ፤ ከራውተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ጤነኛ ነው» በሉ። ባለሙያው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፣ እናንተም ብዙ አትመላለሱም።

አረጋውያን ባሉበት ቤት

ገመዱ ሲቀየር አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ገመድ በሳሎን መሐል ወይም በበር ላይ ተጋድሞ አይለፍ፤ ምንጣፍ ሥርም አይደበቅ። በዕድሜ የገፋ ሰው ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄድ በዚያ ይደናቀፋል፤ በእኛ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ በቀላሉ የሚነሡበት አይደለም። ግድግዳውን ተከትሎ በፕላስቲክ መሸፈኛ ይሂድ። በግቢ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገር የመዳብ ገመድ ካላችሁ መብረቅ ከመምጣቱ በፊት፣ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር፣ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት። መብረቁ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱን አትንኩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በመጪው ቅዳሜ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ሁናችሁ ሊንክ ስፒዱን እዩ፣ ፒንጉን ሞክሩ፣ ገመዱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሱ። የእነሱ ጣት ከቁልፎቹ ጋር ፈጣን ነው፤ የእናንተ ዓይን ደግሞ ያረጀውንና የተቀጠለውን ለይቶ ያውቃል። ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው፤ በየወሩ ያለ ጥቅም ሊወጣ የነበረውን ገንዘብ ግን ሊያስቀርላችሁ ይችላል።